የሻምበል አበበ እግር

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ጎዳና ላይ አንድ ሯጭ 16ኛውን ኪሎ ሜትር አለፍ እንዳለ ከውድድሩ ወጣ። በዚያ ቀን ማራቶኑን ያቋረጡ ሌሎችም ነበሩ፤ ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና አየሩ ለቆላ ሰው ይከብዳል። ይህን ሯጭ ያስቆመው ግን አየሩ አልነበረም። ተወልዶ ያደገውም የሠለጠነውም ደጋ ላይ ነው። ያስቆመው እግሩ ነው። ሰውየው አበበ ቢቂላ ነበር።

ስለ አበበ የተጻፈውም የተነገረውም ሁሉ ሁለት ቀኖችን ይወዳል። አንደኛው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ልክ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈበት ነው። ሁለተኛው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ ድሉን ደግሞ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው የሆነበት ነው። ሦስተኛውን ቀን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የምናልፈው፤ «በሜክሲኮ አበበ ታሞ አቋረጠ፣ ማሞ ወልዴ አሸነፈ» ብለን። ታዲያ ይህ ጽሑፍ መቆም የሚፈልገው እዚያች በችኮላ የምትታለፍ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ሯጭ የሆነ ሁሉ፣ ዝነኛም ይሁን የሰፈር፣ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ አሞኛል፣ ልሩጥ ወይስ ልረፍ? ይህ ጥያቄ በአበበ ሕይወት ሁለት ጊዜ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ አበበ «እሮጣለሁ» አለ። የመጀመሪያው መልሱ ታሪክ ሆነለት፤ ሁለተኛው 16 ኪሎ ሜትር ወሰደውና ጣለው። ለምን?

ከመጀመሪያው እንነሣ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት አበበ በልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን ያመው ጀመር። የክቡር ዘበኛ ወታደር ነውና በመጀመሪያ ያደረገው ወታደር የሚያደርገውን ነው፤ ቻል አድርጎ ሊያልፈው ሞከረ። አልሆነም፤ ወደቀ። ሆስፒታል ሲወሰድ የተገኘው አጣዳፊ የትርፍ አንጀት ሕመም ነበር። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ውድድሩ ጥቅምት 11 ቀን ነው። አንባቢ በጣቱ ቢቆጥረው የሚያገኘው 35 ቀን ነው። መስቀል በመካከሉ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ሰሞን ከአልጋው ወርዶ ደመራ ካየ ይበቃዋል።

አበበ ገና ሆስፒታል ሳለ፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ በግቢው ውስጥ ሶምሶማ ይሮጥ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ቶኪዮ ሄደ። በዚያን ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ፊት ወጣና ማንም ሳይደርስበት በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ ይህም በጊዜው ከዓለም ሁሉ ፈጣኑ የማራቶን ሰዓት ነበር። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ ስታዲየሙን የጨረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። እሱ እስኪመጣ ድረስ አበበ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ወደ ላይ እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ያንን ፊልም ያየ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም። ከአምስት ሳምንት በፊት ሆዱ የተቀደደ ሰው ነው ብሎ ማን ያምናል?

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከቶኪዮ ሁላችንም አንድ ትምህርት ወሰድን፤ «የጨከነ ሰው በሕመም ላይ ሮጦ ያሸንፋል» የሚል። በየሠፈሩ ሜዳ፣ በየትምህርት ቤቱ ይህ ትምህርት ሲሰጥ አድገናል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ እንደ ዳቦ አብጦ ሳለ፣ ቡድናችንን ይመሩ የነበሩ ሰው «አበበ በተቀደደ ሆዱ ሮጧል፣ አንተ በቁርጭምጭሚት?» ብለው ሜዳ አስገብተውኛል። ያ ቁርጭምጭሚት ዛሬም ክረምት ሲገባ ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል። ሰውየውን አልወቅሳቸውም፤ የሚያውቁትን ታሪክ ነው የነገሩኝ። የታሪኩን ሌላ ግማሽ ግን አልነገሩኝም።

ከቶኪዮ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ታላቅ ሯጭ ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ ነበር። ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ 5 ሺህ፣ 10 ሺህና ማራቶንን በአንድ ኦሊምፒክ ያሸነፈ፣ ከዚያ ወዲህም ማንም ያልደገመው ሰው ነው። ልምምዱ ለጉድ የሚነገር ነበር፤ ሚስቱን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ መሮጥ ደርሷል። ለሜልቦርን ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ሄርኒያ የሚሉት የአንጀት መውረድ አገኘውና ከውድድሩ ሳምንታት ቀደም ብሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከሆስፒታል እንደወጣ ወዲያው ወደ ልምምዱ ተመለሰ። በኅዳር 1949 ዓ.ም. በተደረገው ማራቶን ስድስተኛ ሆኖ ገባ። ያሸነፈው ለዓመታት ከኋላው ሲከተለው የኖረው ወዳጁ ፈረንሳዊው አላን ሚሙን ነበር። (ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በዚያው በሜልቦርን ነው፤ ማሞ ወልዴም እዚያ ሮጧል፤ በዚያን ጊዜ ግን የአጭርና የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር።)

ሁለቱም ቁስላቸው ሆድ ላይ ነው፤ ሁለቱም የተቀደዱት ውድድር ሊደርስ ሲል ነው፤ ሁለቱም ጨካኞች ናቸው። አንዱ የዓለምን ሰዓት ሰበረ፤ ሌላው ስድስተኛ ወጣ። ጭካኔ ብቻውን የሚያሸንፍ ቢሆን ከዛቶፔክ የሚጨክን ማን ነበር? ስለዚህ ልዩነቱን ከልብ ሳይሆን ከሥጋ መፈለግ ይሻላል። ዛቶፔክ በዚያን ጊዜ 34 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ የድሉ ዘመን እያለፈ ነበር። አበበ በ1957 መስከረም ሲታመም በጉልበቱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የሠራው የወራት ልምምድ በሰውነቱ ውስጥ ተጠራቅሟል። ዛሬ የስፖርት ሐኪሞች እንደሚሉት በደንብ የሠለጠነ ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ቢያርፍ ከትንፋሹ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ በደንብ የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሯጮች ይህን ለማመን ይቸግራቸዋል። አንድ ቀን ያላሠለጠኑ እንደሆነ የዓመቱ ልፋት ሁሉ የፈሰሰ ይመስላቸዋል።

ደግሞም ትርፍ አንጀት አንዴ ከወጣ ወጥቷል። ቁስሉ ይድናል፤ የሚሮጠው እግር አልተነካም። ጠባሳው መጎተቱ አይቀርም፤ አደጋም አልነበረውም ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን አበበ በቶኪዮ ጎዳና ላይ የረገጠው እያንዳንዱ እርምጃ የታመመውን ቦታ አልመታም። በሜክሲኮ ግን እያንዳንዱ እርምጃ የታመመውን ቦታ ይመታው ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሰማይና ምድር ነው።

የእግሩ ነገር በሜክሲኮ ድንገት የጀመረ አይደለም። በ1959 ዓ.ም. ክረምት በስፔን ዛራውስ በተደረገው ማራቶን አበበ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ ውድድሩን ሳይጨርስ ቀርቷል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እግሩ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። ይህ ጡንቻ ክፉ ነው፤ ዳንኩ ብሎ ያታልላል። ሯጩ ለስለስ አድርጎ ሲሮጥ ምንም አይለውም፤ ፍጥነት ሲጨምር መልሶ ይይዘዋል። አንዱን እግር ላለማሳመም ሲባል ደግሞ አረጋገጥ ይለወጣል። አረጋገጥ ሲለወጥ ክብደቱ ወዳልለመደው ጡንቻና አጥንት ይሄዳል። በአበበ ላይ የደረሰው ይህ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፤ የሩጫ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ እየተያያዘ እንደሚመጣ ሐኪሞች ይስማማሉ።

ከሜክሲኮው ማራቶን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ግራ እግሩን አመመው። ሐኪሞች ሲመረምሩት ከጉልበት በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች ቀጭኑ ላይ ስንጥቅ አገኙ። እስከ ውድድሩ ቀን ድረስ እግሩን እንዳይረግጥ መከሩት።

ይህን ምክር ደግመን እናንብበው። «እስከ ውድድሩ ቀን ድረስ» ነው የሚለው። «አትሩጥ» አይደለም። በምክሩ ውስጥ ሕክምናም አለ፣ ስምምነትም አለ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ለመጋጠም የሚወስደው ስድስት ስምንት ሳምንት ያህል ነው። የአንድ ሳምንት ዕረፍት እብጠቱን ያበርደዋል፣ ሥቃዩንም ያስታግሠዋል፤ አጥንቱን ግን አይገጥመውም። ያ ቀጭን አጥንት ደግሞ አታላይ ነው። አብዛኛውን የሰውነት ክብደት የሚሸከመው ጎረቤቱ ወፍራሙ አጥንት ስለሆነ፣ ቀጭኑ ተሰንጥቆም ሰው ይራመዳል፤ ሶምሶማም ይሮጣል። ነገር ግን ብዙ የእግር ጡንቻዎች የተተከሉት እሱ ላይ ነው። በየእርምጃው ይጎትቱታል። ማራቶን ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እርምጃ ነው።

ታዲያ ለምን ተነሣ? ሦስት ነገሮች ይታዩኛል። አንደኛው ቶኪዮ ራሱ ነው። «አይቻልም» ሲባል የቻለ ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ «አይቻልም» ሲሉት ለምን ያምናል? ያለፈ ድል በሰው ጆሮ ላይ ጥጥ ይወትፋል። ሁለተኛው ወታደርነቱ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ሯጮቻችን አብዛኞቹ ወታደሮች ነበሩ። ማዕረጋቸውም፣ ደመወዛቸውም፣ ቤታቸውም ከሩጫው ጋር የተሳሰረ ነበር። ጃንሆይ ከቶኪዮ በኋላ ማዕረግ ጨምረውለታል፤ ቮልስዋገን መኪናም ተሸልሟል። ወታደር ደግሞ ዕረፍት ይፈቀድለታል እንጂ ለራሱ ዕረፍት አይሰጥም። ሦስተኛው ተስፋ ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው በዓለም አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የለም። ውድድሩ ደግሞ ደጋ ላይ ነው። እንደዚያ ያለ ዕድል በሁለት ጤነኛ እግር ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማሰብ ያስቆጫል።

በመንገዱ ላይ የሆነውን ማሞ ወልዴ ብዙ ዓመት ቆይቶ ለአሜሪካዊው ጸሐፊ ለኬኒ ሙር ተርኮለታል። ሙር ራሱ በዚያ ውድድር የሮጠ ሰው ነው። እንደ ማሞ አተራረክ፣ አበበ በማዕረጉ ጠርቶ ውድድሩን እንደማይጨርስ ነገረው፤ ማሞም ማዘኑን ገለጸ። ከዚያ አበበ ማሸነፍ ያለብህ አንተ ነህ፣ እንዳታሳፍረኝ ብሎ አዘዘው፤ ማሞ እንደ ወታደር ትእዛዙን ተቀበለ። ሁለት ወታደሮች፣ በሩጫ መካከል፣ ዘብ እንደሚቀያየሩ ያህል ተለዋወጡ ማለት ነው።

ማሞ በዚያ ኦሊምፒክ ከሳምንት በፊት በ10 ሺህ ሜትር በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ተቀድሞ ብር አግኝቶ ነበር። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ጨረሰ። የተከተለው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ከሦስት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የገባው። ለኢትዮጵያ ሦስተኛ ተከታታይ የማራቶን ወርቅ ሆነ።

አበበ ቆሞ ባይሆንስ? ሐኪም ቢጠየቅ «ቀድሞውኑ መነሣት አልነበረበትም» ይል ይሆናል። ልክ ነው። እኔ ግን ስለ አበበ ካነበብኩት ሁሉ ሮምንና ቶኪዮን ጨምሮ በዚህች ውሳኔ የምደነቀውን ያህል የምደነቅበት የለም። መነሣቱን ሌሎች ይጠብቁበት ነበር፤ ቶኪዮም ትገፋው ነበር። ማቆሙን ግን ብቻውን ነው የወሰነው። ንጉሥም፣ ሐኪምም፣ አሠልጣኝም በሌለበት መንገድ ላይ፣ ዓለም እያየው፣ «በቃ» አለ። እንደዚያ ያለ ስም ላለው ሰው ስንት እንደሚከብድ መገመት ነው።

ሁሉም «በቃ» የሚልበት አፍ አያገኝም። ሜክሲኮ ላይ ከማሞ ተከትሎ የገባው ኪሚሃራ አንድ የቅርብ ወዳጅ ነበረው፤ ኮኪቺ ፁቡራያ ይባላል። በቶኪዮ አበበን ተከትሎ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም የገባው እሱ ነው። በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት ሂትሊ አለፈውና ሦስተኛ ወጣ። እሱም ወታደር ነበር። ያንን ነሐስ እንደ ውርደት ቆጠረው፤ በሜክሲኮ ሊክስ ቃል ገባ። ነገር ግን ወገቡ ይታመም ጀመር። ሰውነቱ ዕረፍት ይጠይቃል፤ ቃሉ ልምምድ ይጠይቃል። በታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሜክሲኮ ሊደርስ ዘጠኝ ወር ያህል ሲቀረው፣ በ27 ዓመቱ በሠፈሩ ክፍል ውስጥ ሕይወቱን አጠፋ። ለቤተሰቡ በተወው ደብዳቤ ላይ፣ ያበሉትን ምግብ እየዘረዘረ ካመሰገናቸው በኋላ፣ ፈጽሞ እንደደከመውና ከእንግዲህ መሮጥ እንደማይችል ነገራቸው። ስለ ጉዳትና ስለ ዕረፍት ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ ጅማትና አጥንት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ደብዳቤ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። እስከ አሁን ያልኩት «ማረፍ ይሻላል» የሚል መስሎ ከታየ ነገሩን አጉድያለሁ። የዕረፍት ታሪክም የራሱ መገለባበጥ አለው። በእኛ አገር ሰው ሲጎዳ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነበር፤ አሽቶ፣ ስቦ፣ አስሮ «አትነቃነቅ» ይላል። (ዛሬም በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን የቡድን ባለሙያ ወጌሻ ነው የምንለው፤ ቃሉ ከዘመኑ ጋር ተሻሽሎ ኖሯል።) በአሜሪካም ጌብ መርኪን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና እግርን ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር አስፋፋ፤ ዓለምም ተቀበለው። ይኸው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ተመልሶ በረዶውና ፍጹሙ ዕረፍት መዳንን ሊያዘገይ እንደሚችል ጻፈ። ሰው የራሱን ምክር በሕይወት እያለ ሲያርም ማየት ደስ ይላል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የስዊድኑ ሐኪም የሆካን አልፍሬድሶን ነገር ነው። አልፍሬድሶን የአጥንት ሐኪምና ሯጭ ነበር። የተረከዙ ጅማት፣ አኪለስ የሚሉት፣ እየታመመ አላስሮጥ አለው። ዕረፍት አልፈየደውም፤ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት አለቃውን ቢጠይቅ አለቃው እምቢ አለው። እንግዲያው ልበጥሰውና ያን ጊዜ ይገደዳሉ ብሎ ተረከዙን ከደረጃ ጫፍ ላይ ቁልቁል እያወረደ፣ ሕመሙን እየቻለ ይሠራ ጀመር። ጅማቱ በመበጠስ ፈንታ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 በ15 ሯጮች ላይ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ዛሬ ተረከዙን የታመመ ሯጭ የትም አገር ሐኪም ዘንድ ቢሄድ መጀመሪያ የሚታዘዝለት ከዚያ የመጣ እንቅስቃሴ ነው።

ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ጅማት የደም ስሩ ጥቂት ስለሆነ ሲተኛ ይሰንፋል፣ በልክ ሲጫኑት ይጠነክራል። አጥንት ደግሞ ሲሰነጠቅ ጫና ካልተነሣለት አይጋጠምም። ስለዚህ «ልሩጥ ወይስ ልረፍ» ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ ቀድሞ የሚጠየቀው «የታመመው ምኔ ነው?» የሚለው ነው። ሰውነት ሲሞቅ እየቀለለ የሚሄድ ሕመም አለ፤ በሮጡ ቁጥር እየባሰ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ጣት ሲያርፍበት የሚያስጮህ፣ ሌሊትም የሚቀሰቅስ ሕመም አለ። የመጀመሪያው ሯጩን ያስጠነቅቃል፤ ሁለተኛው ያዘዋል። አረጋገጥን የሚለውጥ ሕመም ደግሞ የትኛውም ዓይነት ቢሆን ሩጫውን ማቆሚያ ነው።

የተረከዝ ጅማት ከተነሣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ፣ በዚያ ዓመት ሲያሠቃየው በከረመ ተረከዝ ሮጦ ፖል ቴርጋትን ያሸነፈው በመቶኛ ሴኮንዶች ነው፤ ዘጠኝ መቶኛ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሳይወዳደር ከርሞ በ1993 ክረምት ኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሲመለስ ሦስተኛ ሆነ። በአቴንስ ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ያው ተረከዝ ተመልሶ መጣ። የዚያን ምሽት ምስል የማያስታውስ የለም፤ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ፊት ሆነው ዞር ዞር እያሉ ታላቃቸውን ሲጠብቁ፣ ፍጥነታቸውን ሲያበርዱለት፣ እሱ ግን ሊደርስባቸው ሳይችል። አምስተኛ ወጣ። ያን ማታ ቴሌቪዥን ፊት የነበረ ሁሉ ቀነኒሳ በማሸነፉ እየጮኸ በአንድ ዓይኑ ያለቅስ ነበር። በአንድ ጅማት ላይ ሲድኒም አቴንስም አሉ፤ በመጀመሪያው ቻለ፣ በሁለተኛው አልቻለም።

የእኛ ጋዜጦች ማቆምን እንደ ሽንፈት ሲጽፉት ስለኖሩ የማረፍ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ደራርቱ ቱሉን እንውሰድ። በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ካሸነፈች በኋላ ጉልበቷ ታምሞ ሁለት ዓመት ያህል ከውድድር ራቀች። የኦሊምፒክ አሸናፊ ሆኖ ሁለት ዓመት ዝም ማለት ቀላል አይደለም። ሕዝብ ይረሳል፣ አዲስ ሰው ይመጣል። በመጋቢት 1987 ዓ.ም. ለዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ወደ እንግሊዟ ዳራም ስትጓዝ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሳትተኛ አንድ ቀን ሙሉ ተጉላላች፤ የደረሰችው ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። አሸነፈች። ኋላም ወልዳ ተመልሳ በሲድኒ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደች። ሁለት ዓመት ያሳረፈችው ጉልበት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ተሸከማት።

ቀነኒሳም በ2013 መስከረም የለንደን ማራቶን ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ባቱን አሞት ራሱን ከውድድሩ አገለለ። ዓለም ሁሉ እሱና ኪፕቾጌ ሲገናኙ ለማየት ወራት ጠብቆ ነበርና ብዙ ሰው ተቆጣ። መስከረም 24 ቀን ያንን ውድድር ያሸነፈው ሌላው ኢትዮጵያዊ ሹራ ቂጣታ ነበር። ነገሩ ከሜክሲኮ ጋር ይመሳሰላል፤ ታላቁ ሲቀር ወርቁ በአገር ልጅ እጅ ገባ። ልዩነቱ ቀነኒሳ ያንን 16 ኪሎ ሜትር አልሮጠም። በ52 ዓመት ውስጥ የተለወጠው ይኸው ነው፤ ሯጩ «አልነሣም» ማለት ይችላል።

አበበ ከሜክሲኮ በኋላ እግሩን አሳርፎ ይመለስ ነበር ወይ? መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አላገኘም። ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሸኖ አካባቢ ያችው ቮልስዋገን ተገለበጠችበትና ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ተወዳደረ፤ በኖርዌይ በረዶ ላይም በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋብዞ ነበር። ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። በማራቶኑ ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ፤ ከኋላው አራተኛ የገባው ኬኒ ሙር ነበር። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ወርቁን አንገቱ ላይ ካጠለቀ በኋላ ሄዶ በወንበሩ የተቀመጠውን አበበን ጨበጠው።